የሦስተኛው ሲሊንደር ምስክርነት

ሐምሌ ፲፮ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓመተ ምሕረት፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። በአሮጌው ካይሮ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴያቸውን ፈጽመው ምእመናኑ በማር ጊርጊስ የሜትሮ ጣቢያ አጥር ሥር ሲበተኑ፣ ፀሐይ ገና በረፋዱ የግንቡን ጥላ አሳጥራው ነበር፤ ከፉስጣጥ በኩል የሚነፍሰውም ነፋስ የሸክላ ምድጃዎችን ጭስና ትኩስ አቧራ ይዞ ይገባ ነበር። ከጣቢያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ኡስታ ሚላድ የሚባል ግብፃዊ ዋና መካኒክ የመኪና መጠገኛ ወርሻ አለው፤ ኡስታው ክርስቲያን ስለ ሆነ በሰንበት አይሠራም፤ በዚያ ዕለት ግን ቁልፉን ለኢትዮጵያዊው ሠራተኛው ትቶለት ስለ ሄደ የብረት መዝጊያው እስከ ግማሽ ተከፍቷል። በውስጡ አንዲት ነጭ ፔጆ 504 ቆማለች፤ በፊቷም ሦስት ሰዎች በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሳሽ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው። ተከሳሹ ብቻ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

ተከሳሹ ሃምሳ አለቃ ጥበቡ ይባላል። በቀድሞው ሠራዊት የትራንስፖርት ክፍል ለዘጠኝ ዓመት መኪና ሲጠግን ኖሮ፣ በግንቦት ፲፱፻፹፫ መንግሥት ሲወድቅ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገረና ከዚያም ካይሮ ደርሶ በኡስታ ሚላድ ወርሻ የተቀጠረ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ጭራሽ ይቀንሳል። ከሳሹ ሌተና ኮሎኔል ፀጋአብ በዚያው ክፍል አዛዡ ነበሩ። ማዕርጉን የሰጣቸው መንግሥት ከጠፋ አራት ዓመት አልፎታል፤ በካይሮ ያሉ ስደተኞች ግን ኮሎኔሉ ወደ አንድ ቤት ሲገቡ አሁንም ከመቀመጫቸው ይነሡላቸዋል፤ ማኅበር ሲያቋቁሙም ሊቀ መንበር ያደረጉት እሳቸውን ነው። ፔጆዋ የማኅበሩ ንብረት ናት፤ በየሰንበቱ በዶቂና በዛማሌክ በሰው ቤት የሚሠሩትን ሴቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች፤ በአዘቦት በሽተኛ ወደ ሐኪም ታመላልሳለች። የሚነዱዋት ኮሎኔሉ ብቻ ናቸው፤ የሚጠግናት ጥበቡ ብቻ ነው።

ክሱ ስርቆት ነው። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ መኪናዪቱ ስምንት ሴቶች ጭና የጥቅምት ስድስት የሚባለውን የካይሮ ድልድይ ስትወጣ አቅም አጣች፤ እየተንቀጠቀጠች ጥቂት ከተጓዘች በኋላ ከፖሊስ ፍተሻ ኬላ ፊት ለፊት ጠፋች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን ሰኔ ፲፱ ቀን በአዲስ አበባ ጎዳና በግብፅ ፕሬዚዳንት መኪና ላይ ጥይት ከተተኮሰ አንድ ወር አልሞላውም፤ በዚያ ወራት በካይሮ ያለ ኢትዮጵያዊ አገሩን ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልስ ነበር። ከሴቶቹ ሁለቱ የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አልያዙም ነበርና እስከ ማታ ሲጠየቁ ዋሉ። ኮሎኔሉ በአደባባይ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ለአንድ የሃያ ዓመት ወታደር ‹‹ማሌሽ፣ ማሌሽ›› እያሉ ይቅርታ ለመኑ፤ ያን ዕለት የደረሰባቸውን ውርደት የሚሸከም ሰው ፈለጉ፤ አገኙም። ነዳጅ የሚያጠጣትን ካርቡራቶሬዋን ጥበቡ ለውጦ ሸጧል አሉ። ሽማግሌዎቹ ሌባ ነው ብለው ከፈረዱ ኮሎኔሉ ለፖሊስ አሳልፈው ሊሰጡት ቆርጠዋል፤ ፈቃድ የሌለው ሐበሻ በዚያ ሐምሌ በሌብነት ተከስሶ ጣቢያ ቢገባ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም።

‹‹ሃምሳ አለቃ!›› አሉ ኮሎኔሉ።

‹‹አቤት ጌታዬ።››

‹‹ይህች መኪና በፋሲካ ምን ነበረች? ነብር ነበረች። ዛሬስ? ነዳጅ ሳትረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ ቆማ እንደ ወባ በሽተኛ ትንዘፈዘፋለች፤ ዳገት ስታይ ትሞታለች። ካርቡራቶሬዋን አውጥተህ ከቆሻሻ የተለቀመ ገጠምህባት።››

‹‹ካርቡራቶሬው ያው ነው ጌታዬ።››

‹‹ውሸታም!››

ከሽማግሌዎቹ አንዷ ወይዘሮ ከፍያለች ናቸው፤ በዶቂ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ወጥ ቤት ሆነው አሥራ አንድ ዓመት የኖሩ፣ ሴቶቹ ሁሉ እትዬ የሚሏቸው። ‹‹እኔ ስለ ካርቡራቶሬ አላውቅም›› አሉ። ‹‹እኔ የማውቀው መግፋቷን ነው። በሰንበት፣ በነጠላዬ፣ ድልድይ መሐል ፔጆ ገፋሁ። ኋላዬ ያለው ባለ ታክሲ ጡሩንባውን እየነፋ ‹ያላ ያ ሐጋ!›፣ ቶሎ በይ እናቴ፣ ይለኛል። አገሬ ሳለሁ ጥጃ እንኳ ገፍቼ አላውቅም!››

‹‹ከፍያለች፣ ሸንጎ ላይ ነን›› አሏቸው ሁለተኛው ሽማግሌ፣ መሪጌታ ብሥራት። መሪጌታ ጎንደር የተማሩ፣ በስደትም ሆነው ጥምጥማቸውን ያላወለቁ ሰው ናቸው፤ ነገር ማሳጠር ይወዳሉ። ‹‹ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ሰማዕቱ ማር ጊርጊስ እዚህ ጎረቤታችን ነው። ሃምሳ አለቃ ከሥዕሉ ፊት ይቁም፤ ‹በዚህች መኪና ጉዳት እጄ የለበትም› ብሎ ይማል፤ ኸላስ፣ አለቀ፣ ወደየቤታችን እንሄዳለን።››

ጥበቡ መሬቱን አየ። ‹‹ካርቡራቶሬ አልሰረቅሁም ብዬ እምላለሁ›› አለ። ‹‹ያንን ግን አልምልም።››

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ እትዬ ከፍያለች አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ መሐላ የሸሸ ሰው ጥፋቱን በገዛ አፉ እንደ ተናገረ ይቈጠራል፤ ከዚያ በኋላ ምስክር አይፈለግም። ኮሎኔሉ ቀስ ብለው ከጎማው ተነሡ።

‹‹ሰማችሁ?›› አሉ። ‹‹ሰማችሁ አይደል?››

ጥበቡ ያልማለው የተሰወረ ነገር ስለ ነበረው ነው፤ የተሰወረው ግን ስርቆት አልነበረም። ተኩሱ በተሰማ በሦስተኛው ቀን ኮሎኔሉ መኪናዪቱን ወደ ወርሻው አምጥተው ነበር። ፔጆ ስትሠራ ከሞተሯ አናት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ቫልቮላዎቿን በሚገፉት ብረቶች መካከል ሊኖር የሚገባው የፀጉር ያህል ክፍተት የሚያሰማው ድምፅ ነው። ኮሎኔሉ ግን ‹‹ይህን ጠቅጠቅታ አጥፋልኝ፤ ድምፅ ያላት መኪና ፖሊስ ትጠራለች›› አሉት። ጥበቡም፣ ‹‹ክፍተቱ ከጠበበ ይቃጠላል ጌታዬ፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ መርዘሚያ ካጣ ቫልቮላው አይዘጋም›› ብሎ ነበር። ‹‹ትእዛዝ ነው›› አሉ ኮሎኔሉ። የወታደርነት ልማዱ በአራት ዓመት ስደት አልጠፋም ነበርና፣ ሁለቱ ተረከዞቹ ራሳቸው ተጋጠሙ፤ መፍቻውን አንሥቶ አንድ በአንድ አጠበቃቸው። መኪናዪቱ እንደ ድመት ዝም ብላ ወጣች፤ ኮሎኔሉም ደስ አላቸው።

አሁን፣ ኮሎኔሉ ከፊቱ ቆመው ሌባ ሲሉት፣ እጆቹን ከኋላው ፈታ።

‹‹ቁልፉን ይስጡኝ›› አለ።

‹‹ምን?››

‹‹ቁልፉን ስጡኝ አልሁ! እኔን ካላመናችሁ ሞተሩን ስሙት።››

በአራት ዓመት ውስጥ ‹‹ጌታዬ›› ሳይል ለኮሎኔሉ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ኮሎኔሉም ከመደንገጣቸው የተነሣ ቁልፉን አቀበሉት።

ሞተሩ ተነሣ። በመጀመሪያ ደህና ሠራ፤ መሪጌታም ‹‹ይኸው ድናለች እኮ›› አሉ። ጥበቡ የሙቀቱን መርፌ ይመለከት ነበር። መርፌው መሐል ሲደርስ ሞተሩ መዝለል ጀመረ፤ የኮፈኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ በመስተዋቱ ላይ የተሰቀለው መስቀል ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ።

‹‹ቀዝቅዛ ጤነኛ፣ ሞቃ በሽተኛ›› አለ። ‹‹ይህን አንድ በሉ። አሁን ደግሞ ከእያንዳንዱ ሲሊንደር ካንዴላ የእሳቱን ሽቦ እነቅላለሁ። የሚሠራ ሲሊንደር ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ ይደነግጣል።›› በደረቅ ጨርቅ ይዞ የመጀመሪያውን ነቀለ፤ ሞተሩ ሊጠፋ ተንገዳገደ። መለሰው። ሁለተኛውን ነቀለ፤ እንደዚያው ሆነ። እትዬ ከፍያለች ተነሥተው አንገታቸውን አስገቡ።

‹‹እጅዎን ያርቁ እትዬ፣ ይመታል።››

‹‹እኔን የመታኝ ድልድዩ ነው። ንቀል አንተ!››

ሦስተኛውን ነቀለ። ምንም ለውጥ አልመጣም፤ ሞተሩ ሲዘል እንደ ነበረው ዘለለ። አራተኛው ሲነቀል ደግሞ ተንገዳገደ።

‹‹አያችሁ? አራቱም የሚጠጡት ከአንድ ካርቡራቶሬ ነው። ካርቡራቶሬው ቢለወጥ አራቱም ይታመሙ ነበር። የታመመው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው።››

‹‹እንግዲያው ካንዴላውን ነው የሰረቅኸው!›› አሉ ኮሎኔሉ።

ጥበቡ መፍቻውን በሲሚንቶው ላይ ወረወረው፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ተሰማ። ‹‹ጠዋት ካርቡራቶሬ፤ አሁን ካንዴላ! ማታ ደግሞ ጎማ ይሉኛል!›› ሞተሩን አጠፋና የሦስተኛውን ካንዴላ አውጥቶ በአንደኛው ቦታ ገጠመ፤ የአንደኛውንም በሦስተኛው ገጠመ፤ አስነሣ። በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ አልሄደም፤ በሦስተኛው ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ኮሎኔሉ ወደ ጎማቸው ተመለሱ።

‹‹የኔታ፣ አውራ ጣትዎን ያውሱኝ።››

‹‹ጣቴን?›› አሉ መሪጌታ።

‹‹በጣት የነካችሁትን ማንም አይክዳችሁም።››

መሪጌታ እጀታቸውን ሰብስበው ቀረቡ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ከተነቀሉ በኋላ ጥበቡ የመሪጌታን ጣት በአንደኛው ቀዳዳ ላይ አስጫናቸውና እትዬ ከፍያለችን ቁልፉን እንዲያዞሩ አደረገ፤ ጣታቸው ተገፍቶ ተፈናጠረ። ‹‹ወይ ሰማዕቱ!›› አሉ። በሦስተኛው ላይ ግን ለብ ያለ ትንፋሽ ብቻ መጣ። ከዚያ በዚያ ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት አፈሰሰና ደግመው እንዲሞክሩት ጠየቃቸው።

‹‹ያው ነው›› አሉ መሪጌታ፤ አሁን እንደ ተማሪ በጥሞና ይከታተሉ ነበር።

‹‹አየሩ በፒስተኑ ጎን የሚያመልጥ ቢሆን ዘይቱ ይይዘው ነበር። አልያዘውም። የሚያመልጠው ከላይ፣ በቫልቮላው ነው። ወረቀት ስጡኝ።››

የተነሣ ሰው ባይኖር ራሱ ሄዶ ኮሎኔሉ ክሳቸውን የጻፉበትን ወረቀት ከእጃቸው ወሰደ፤ ካንዴላዎቹን መልሶ ሞተሩን አስነሣና ከመኪናዪቱ ኋላ ተንበርክኮ ወረቀቱን በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዘ። ጭሱ ወረቀቱን ወደ ውጭ ያራግበዋል፤ በየመሐሉ ግን ወረቀቱ ወደ ኋላ እየተሳበ ጥፍ ብሎ በቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ደግሞ ይለቃል፤ ደግሞ ይለጠፋል።

‹‹ጤነኛ ሞተር በዚህ በኩል ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚተነፍሰው። ይህ ወደ ውስጥ ይስባል። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቮላ ተቃጥሏል፤ አይዘጋም።››

‹‹ማን አቃጠለው?›› አሉ ኮሎኔሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ ነበር።

ጥበቡ ተነሣ። ወረቀቱ በጥላሸት ጠቁሯል። ‹‹እኔ›› አለ። ‹‹እነዚህ እጆች ናቸው። ስለዚህ ነው ያልማልሁት፤ የኔታ። ሰኔ ፳፩ ቀን ኮሎኔሉ ጠቅጠቅታውን አጥፋ ብለው አዘዙኝ፤ ይቃጠላል አልኋቸው፤ ትእዛዝ ነው አሉኝ፤ አጠበቅሁት።››

‹‹እኔ መካኒክ ነኝ?›› ሲሉ ጮኹ ኮሎኔሉ። ‹‹አዋቂው አንተ ነህ! እንደሚቃጠል ካወቅህ ለምን ሠራኸው? መፍቻው በማን እጅ ነበር? ንገራቸው!››

ይህ ቃል እውነት ነበረበት፤ ስለዚህም ከስድቡ ሁሉ ይልቅ አቃጠለው። በግንቦት ፲፱፻፹፫ እኚሁ ሰው ‹‹ለጠላት አንድ ሞተር አይተርፍም›› ብለው አዝዘውት፣ በገዛ እጁ የጠገናቸውን አርባ አንድ ካሚዮኖች ዘይታቸውን አፍስሶ፣ የነዳጅ መርገጫቸውን በድንጋይ ተጭኖ፣ እየጮኹ እስኪደርቁ ድረስ ቆሞ አዳምጦ ነበር። ኮሎኔሉ በራሳቸው ላንድሮቨር ወደ ድንበር ሄዱ። በማግስቱ ቁስለኞች የሚጫኑበት ጠፋ።

‹‹ያኔም መፍቻው በእኔ እጅ ነበር!›› አለ ጥበቡ፤ እትዬ ከፍያለች እንዲህ ሲጮህ ሰምተውት አያውቁም። ‹‹አርባ አንድ ካሚዮን! ቁስለኛውን በቃሬዛ ስንሸከም፣ እየሞተብን ስናስቀምጠው፣ እርስዎ የት ነበሩ? ያኔ ማን አዘዘ? ያኔም እኔ ነኝ እንግዲህ? ይሁን፤ እኔ ነኝ! አዎ፣ አውቄ ሠራሁት! ያዘዘኝ ግን ስም አለው!››

ኮሎኔሉ ለመምታት እጃቸውን አነሡ፤ መሪጌታ በመካከል ገቡ። ጥበቡ ግን ሊማታ አልፈለገም፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው መኪናዪቱን ይፈታ ጀመር። ሙቅ ብረት ጣቱን ሲፈጀው አልተወም፤ ማንም ሂድ ወይም ተው አላለውም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ አንሥቶ በጠረጴዛው ላይ ገለበጠው፤ ሦስተኛውንም ቫልቮላ አውጥቶ በመሪጌታ መዳፍ ላይ አኖረው። ጠርዙ እንደ ተነከሰ ብስኩት ጎድሎ ነበር።

ሸንጎው በዚያው ፍርዱን ሰጠ። መሪጌታ የማኅበሩን መዝገብ ከከረጢታቸው አውጥተው በሚያምር እጃቸው ጻፉና አነበቡ፦ ‹‹መኪናዪቱ ከእርጅና የተነሣ ቫልቮላዋ ተቃጥሎ ስለ ተገኘ፣ ሃምሳ አለቃ ጥበቡ ከስርቆቱ ክስ ነጻ ነው። ኮሎኔል ፀጋአብ ክሳቸውን አንሥተዋል።››

‹‹ከእርጅና?›› አለ ጥበቡ።

‹‹ልጄ›› አሉ መሪጌታ ዝቅ ብለው፣ ‹‹የሰው ፊት አለ። የስደተኛ ደብዳቤ ሁሉ የሚያልፈው በእሳቸው ፊርማ ነው። አንተ ነጻ ወጥተሃል፤ ምን ቀረህ?››

‹‹ትእዛዙ ቀረ። እኔ ያጠፋሁትም ይጻፍ፤ ያዘዙትም ይጻፍ።››

‹‹ጥበቡዬ›› አሉ እትዬ ከፍያለች፣ ‹‹ማሌሽ በል። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሁላችን አይተናል። ፈርምና እንሂድ፤ ፖሊሱ ቀረልህ፣ ይበቃል።››

‹‹እርስዎ አይተዋል እትዬ። መዝገቡ አላየም።››

ኮሎኔሉ ጠርዙ ወርቃማ በሆነው እስክርቢቶአቸው ፈረሙ፤ መሪጌታ ፈረሙ፤ እትዬ ከፍያለች ቀና ብለው ሳያዩት ፈረሙ። እስክርቢቶው ወደ ጥበቡ ሲመጣ በዘይት የጠቆረውን እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጠረገ፤ ሲጨርስም ጨርቁን በመዝገቡ አጠገብ አኖረና ‹‹አልፈርምም›› አለ።

‹‹ካልፈረምህ ከማኅበሩ ትወጣለህ›› አሉ ኮሎኔሉ።

‹‹ወጣሁ።››

ፖሊስ አልተጠራም፤ ቫልቮላውን በመዳፋቸው የያዙ ሰዎች ሌባ ነው ሊሉት አልደፈሩምና። በሳምንቱ መኪናዪቱን አዲስ ቫልቮላ ገጥሞ፣ ክፍተቷን በልኩ አስተካክሎ ለእትዬ ከፍያለች አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች በማር ጊርጊስ ደጅ ሲያገኙት ሰላምታ ሰጥተውት ያልፋሉ፤ ሲታመም የጠየቀው፣ ሲቸገር ያስታወሰው ግን ጥቂት ነው። ኮሎኔሉ በሁለተኛው ዓመት በሦስተኛ አገር የመስፈር ፈቃድ አግኝተው ሲሄዱ ማኅበሩ በክብር ሸኛቸው።

ስለዚያ ክረምት ታሪክ የሚያስታውሰው በቂ ነው፤ የተኩሱን ቀን፣ የጎዳናውን ስም፣ ጥይት የማይበሳውን መኪና ጽፏል፤ በሦስት መንግሥታት መካከል የተላለፈውን ክስም ጽፏል። በካይሮ ድልድይ ላይ ስለ ጠፋችው ፔጆ የጻፈ አንድ የማኅበር መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም ጥፋቱን በእርጅና ላይ ጥሎ ዘግቶታል። ከጽሑፉ በታች ሦስት ፊርማዎች አሉ፤ በአራተኛው መስመር ላይ የጥበቡ ስም ተጽፎ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ኋላ መዝገቡን የገለጠ ሰው ያንን ባዶ ቦታ አይቶ፣ ተከሳሹ መጻፍ የማይችል ሰው ነበር ብሎ ማለፉ አይቀርም።